የዝቪካው ትራባንት
ከጥጥና ከሙጫ ስለ ተሠራ መኪና የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ከላይፕሲክ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚያመራው ባቡር የሳክሶኒን ሰፊ የእርሻ ሜዳ አቋርጦ ወደ ኤርትስ ተራሮች ግርጌ ሲቃረብ፣ ምድሪቱ ቀስ በቀስ ከፍና ዝቅ ማለት ትጀምራለች፤ የድንጋይ ከሰል ይወጣበት የነበረውም አገር ዛሬ ሣርና ዛፍ ለብሶ፣ የቀድሞ ሥራውን ለማያውቅ መንገደኛ ምንም አይናገርም። በዚህ አገር መካከል፣ በሙልደ ወንዝ ዳር፣ ዝቪካው የምትባል ከተማ አለች። ለዜማ ወዳጆች ይህች ከተማ በ1810 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አስቀምጣለሁ) ሮበርት ሹማን የተወለደባት ናት፤ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ለሚመረምሩ ደግሞ ቶማስ ሙንትሰር በ1520 ዓ.ም. መጥቶ የሰበከባትና ሕዝቡን ያናወጠባት ናት። እኔን ወደ እርሷ የሳበኝ ግን ዜማውም ስብከቱም አልነበረም፤ የሠራው የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ካለፈ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ እንኳ ወዳጆቹ ያልተዉት ትራባንት የተባለ ትንሽ መኪና ነው።

ይህ መኪና በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሦስት ዓይነት ዋጋ አይቷል። በመጀመሪያ የምሥራቅ ጀርመን ሕዝብ ከ10 ዓመት በላይ ተራ የሚጠብቅለት ምኞት ነበር፤ ቀጥሎ በአንድ ዓመት ውስጥ ማንም የማይፈልገው፣ በየመንገዱ ዳር የሚጣል ውዳቂ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ ሰብሳቢዎች ከጎተራና ከምድር ቤት እያወጡ፣ አጥበውና አድሰው፣ ለልጅ የሚያወርሱት ቅርስ ሆኗል። መኪናው በሦስቱም ጊዜ ያው መኪና ነው፤ ሞተሩ አልተለወጠ፣ መልኩ አልተለወጠ። እንግዲህ የአንድ ነገር ክብር በራሱ ውስጥ ያለ ካልሆነ ከወዴት ይመጣል? የሚለውን ጥያቄ በኅሊናዬ ይዤ ነው ወደ ዝቪካው የወረድሁት።

አውጉስት ሆርኽ የተባለው መሐንዲስ የመኪና ሥራውን ወደዚህች ከተማ ያመጣው በ1904 ዓ.ም. ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ከማኅበርተኞቹ ጋር ተጣልቶ ስለ ተለየ፣ በዚያችው ከተማ ኦዲ ተብሎ የታወቀውን ሌላ ፋብሪካ አቆመ፤ እንዲህም ሆኖ አንዲት ከተማ ከአንድ ሰው እጅ ሁለት ታላላቅ የመኪና ስሞችን ተቀበለች። በ1932 ዓ.ም. ኦዲ፣ ሆርኽ፣ ዴካቬና ቫንደረር ተዋሕደው አውቶ ዩኒዮን የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ዛሬ በኦዲ መኪና ግንባር ላይ የሚታዩት አራቱ ቀለበቶች የዚህ ውሕደት ምልክት ናቸው። ከአራቱ መካከል ሆርኽ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የተሸከመ፣ ለመኳንንትና ለባለጸጎች የሚሠራ የክብር መኪና ነበረ፤ ዴካቬ ግን በባለ ሁለት ምት ሞተርና ኃይሉን ለፊት ጎማዎች በሚሰጥ ቀላል አሠራር፣ አነስተኛ ገቢ ያለውን ሰው ከብስክሌት አውርዶ ከመኪና ላይ ለማስቀመጥ የታሰበ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ዝቪካው በሶቪየት ክልል ውስጥ ስለ ወደቀች፣ የፋብሪካዎቿ መሣሪያዎች በጦር ካሣ ስም እየተነቀሉ ወደ ምሥራቅ ተጫኑ፤ የቀረውም የመንግሥት ሀብት ሆነ። የባለጸጋው መኪና ባለጸጋው ሲጠፋ አብሮ ጠፋ፤ የዴካቬ ጥበብ ግን ከግድግዳው ውስጥ ሳይሆን ከሠራተኞቹ እጅ ውስጥ የነበረ ስለ ሆነ፣ ማንም ነቅሎ ሊወስደው አልቻለም። ትራባንት የተወለደው ከዚህ ከተረፈው ዕውቀት ነው።

በአውጉስት ሆርኽ ስም የተሰየመው ሙዚየም የቆመው በጥንቱ የኦዲ ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ ጎብኚው የዘመናቱን ቅደም ተከተል ተከትሎ ሲሄድ፣ ከሚያብረቀርቁት የሆርኽ ሠረገላዎች ተነሥቶ እስከ ትንሹ ትራባንት ይደርሳል። እኔ ከሁሉ ይልቅ በአንክሮ የተመለከትሁት የመኪናው ቆዳ የተሠራበትን ዘዴ ነው። ለመኪና አካል የሚሆነው ቀጭን የብረት ላሜራ በምሥራቅ ጀርመን ብርቅ ነበር፤ ከምዕራብ እንዳይገባም ተከልክሏል፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከብረት ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣውን የጥጥ ተረፈ ምርት፣ ለጋቢ እንደሚባዘት ጥጥ አባዝተውና አነባብረው፣ ፌኖል ከሚባለው ንጥረ ነገር የተገኘ የሙጫ ዱቄት ነሰነሱበት፤ በጋለ መጭመቂያ ውስጥ በከባድ ኃይል በተጫኑት ጊዜ ጥጡና ሙጫው አንድ አካል ሆነው ጠነከሩ። ይህ ዱሮፕላስት የተባለው ነገር በመጀመሪያ በ1955 ዓ.ም. ፔ 70 በተባለው መኪና ላይ ተፈተነ፤ ኅዳር 7 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራው በተጀመረው በትራባንት ላይ ደግሞ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ በሮቹና ጣሪያው ሁሉ ከእርሱ ሆኑ።

አንባቢዬ መኪናው ሁለመናው ጥጥ ነው ብሎ እንዳያስብ፣ ከዚህ ቆዳ በታች የብረት አጥንት እንዳለ መናገር ይገባኛል። ለሰብሳቢዎችም ዋናው ጭንቀት እርሱ ነው፤ ዱሮፕላስት ዝገትን አያውቅምና ከላይ ሲያዩት መኪናው እንደ ትናንቱ ደምቆ ይታያል፤ ከሥር ግን ብረቱ በዝናብና በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ በሚነሰነስ ጨው ተበልቶ አልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጠቢብ ገዢ ዓይን ቀለሙን ትቶ ወደ ወለሉና ወደ በሮቹ ደፍ ይወርዳል፤ ተንበርክኮ ያያል፣ በጣቱ ይነካል፣ ድምፁን አንኳኵቶ ያዳምጣል። የውጭ ውበት የውስጥ ጤና ምስክር አለመሆኑን ይህ መኪና በግልጥ ያስተምራል።

ሞተሩ ደግሞ በቀላልነቱ የሚደነቅ ነው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው 601 የተባለው ዓይነት፣ 600 ሲሲ የማይሞላ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደርና በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲኖረው፣ ኃይሉም በኋለኛው ዘመን 26 የፈረስ ጉልበት ነበረ። ራዲያተር የለውም፣ የውሃ ፓምፕ የለውም፤ ሁለት ፒስተን፣ ሁለት ቢየላና አንድ ዋና ዘንግ የሥራውን ሁሉ ሸክም ይሸከማሉ። የቤንዚኑ ጋን ከሞተሩ በላይ፣ በኮፈኑ ሥር ስለ ተቀመጠ ቤንዚኑ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ ምን ያህል እንደ ቀረም ለማወቅ ባለቤቱ ኮፈኑን ከፍቶ በመለኪያ ዘንግ ይለካል። ዘይቱ ለብቻው አይቀመጥም፤ ከቤንዚኑ ጋር በመጀመሪያው ዘመን አንድ እጅ ለ33፣ በኋላም አንድ እጅ ለ50 እየተደባለቀ አብሮ ስለሚቃጠል፣ ትራባንት ባለፈበት መንገድ ሁሉ ሰማያዊ ጢስና የማይረሳ ሽታ ትቶ ያልፋል። ይህ ጢስ ለጤና የማይበጅ እንደ ሆነ ማንም አይክድም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ቀላል አሠራር፣ ካንዴላ መፍታትና ካርቡራተር ማጽዳት የሚችል ማንኛውም ትጉህ ሰው የመኪናው ጌታ እንዲሆን አስችሎታል።

እዚህ ላይ ስለ ጥበቃው መናገር አለብኝ፤ ያለ እርሱ የትራባንት ነገር አይገባምና። በምሥራቅ ጀርመን መኪና መግዛት ማለት ገንዘብ ቈጥሮ መውሰድ አልነበረም፤ ስምን አስመዝግቦ ዓመታትን መቍጠር ነበር። ብዙ ወላጆች ልጃቸው 18 ዓመት ሲሞላው ወዲያው ያስመዘግቡት ነበር፤ ተራው ሲደርስ ልጁ የልጆች አባት ሆኖ ይገኛል። በዚህም የተነሣ ከተፈጥሮ ሥርዓት የወጣ አንድ ነገር ሆነ፤ ዛሬውኑ የሚነዳ ያገለገለ መኪና፣ ከ10 ዓመት በኋላ ከሚመጣው አዲስ መኪና በልጦ ይሸጥ ጀመር። ጥፋቱ የመሐንዲሶቹ አልነበረም። መሐንዲሱ ቬርነር ላንግና ባልደረቦቹ ከ601 የተሻለ መኪና ደጋግመው ነድፈዋል፤ ፔ 603 የተባለው ንድፍ እስከ ሙከራ መኪና ደርሶ ሳለ በ1968 ዓ.ም. ከበላይ በመጣ ትእዛዝ ተቋረጠ። በእቅድና በትእዛዝ የሚመራው መንግሥት ሕዝቡ የሚገዛው ሌላ ነገር እንደሌለው ስላወቀ፣ የተሻለውን መሥራት ከንቱ ወጪ መስሎ ታየው፤ ስለዚህ 601 ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ መሠረታዊ ለውጥ ሳያይ ኖረ።

ነገር ግን ገዢዎቹ ያላሰቡት አንድ ፍሬ ከዚህ መከራ ወጣ። አዲስ መኪና በቶሎ እንደማይመጣ የሚያውቅ ሰው ያለውን መጠበቅ ይማራል። መለዋወጫም ብርቅ ስለ ነበረ፣ ባለቤቱ ያገኘውን ሁሉ ገዝቶ በምድር ቤቱ ያከማቻል፤ የማያስፈልገውን ለሚያስፈልገው ጎረቤት ይሰጣል፤ የጎረቤቱንም ዕውቀት በምላሹ ይቀበላል። መምህሩ፣ ዶክተሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ደርዳሪ ሁሉ በቅዳሜ ቀን እጁን በዘይት አጥቍሮ መካኒክ ይሆናል። ልጆች ከአባታቸው ጎን ቆመው ቍልፍ ሲያቀብሉ የሞተርን ጠባይ ተምረው አደጉ። እንዲህ በመሆኑ ትራባንት ሁለት ጊዜ የተሠራ መኪና ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ አንድ ጊዜ በፋብሪካው፣ ደግሞም ዕድሜውን በሙሉ በባለቤቱ እጅ።

በ1989 ዓ.ም. መጸው ሲገባ ዘመኑ ተገለበጠ። በመስከረም ወር ሀንጋሪ ወደ ኦስትሪያ የሚያሳልፈውን በሯን ለምሥራቅ ጀርመኖች በከፈተች ጊዜ፣ በሻንጣና በሕፃናት የተሞሉ ትራባንቶች ተከታትለው ድንበሩን ተሻገሩ፤ በፕራግ ደግሞ በምዕራብ ጀርመን ኤምባሲ የተጠለሉት ሰዎች ስንት ዓመት የጠበቁትን መኪና በየጎዳናው ጥለው ሄዱ። ኅዳር 9 ቀን የበርሊን ግንብ ሲከፈት፣ የምዕራቡ ሕዝብ የሚያልፉትን ትራባንቶች ኮፈን በመዳፉ እየመታ እልል አለ። ደስታው ግን ለመኪናው የሞት ዋዜማ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. የምዕራቡ ማርክ ወደ ምሥራቅ በገባ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ያገለገለ የምዕራብ መኪና ለመግዛት ሮጠ፤ ፋብሪካው ከቮልስዋገን የተገኘውን 1.1 ሊትር ሞተር በትራባንት አካል ውስጥ አስገብቶ ገበያውን ሊይዝ ቢሞክርም ጊዜው አልፎ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን 1991 ዓ.ም. የመጨረሻው ትራባንት ከፋብሪካው ወጣ። በዚያን ጊዜ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ነበር፤ ብዙዎቹም በጫካ ዳርና በመኪና ማቆሚያ ተጣሉ። ዱሮፕላስት የማይበሰብስ፣ ቀልጦም ወደ ሌላ ነገር የማይለወጥ ስለ ሆነ፣ መኪናውን ማስወገድ እንኳ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ።

ከተጣሉት መካከል ያልተጣሉት ናቸው ዛሬ የከበሩት። በመላ ጀርመን ከ30 ሺህ የማያንሱ ትራባንቶች አሁንም ተመዝግበው ይነዳሉ፤ ብዙዎቹም 30 ዓመት ላለፈውና በጥንት ይዞታው ለተጠበቀ መኪና የሚፈቀደውን፣ በመጨረሻው ላይ ሐ የሚመስል ድምፅ ያለውን የላቲን ፊደል የተሸከመውን የቅርስ ሰሌዳ ለብሰዋል። በዝቪካው በሚደረገው የትራባንት ነጂዎች ጉባኤ ላይ ከጀርመን ብቻ ሳይሆን ከቼክ፣ ከፖላንድና ከሀንጋሪ የመጡ መኪናዎች ተሰልፈው አየሁ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት፣ ክብ ክብ መልክ ያላቸውና በሁለት ቀለም የተቀቡት፣ ፔ 50 የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ትራባንቶች፣ በቍጥር ጥቂት ስለ ሆኑ ሰው ሁሉ ይከባቸዋል፤ ለሠራዊት የተሠራው፣ በርና ጠንካራ ጣሪያ የሌለው ኪዩበልም የራሱ ወዳጆች አሉት። በሰብሳቢዎቹ መካከል ግን አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። አንዳንዶቹ መኪናው ከፋብሪካ እንደ ወጣበት ቀን ሆኖ መታደስ አለበት ይላሉ፤ ሌሎቹ ግን የደበዘዘው ቀለም፣ የተለጠፈው ጨርቅ፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ሠርቶ ያስገባው ብሎን ሁሉ የታሪኩ ክፍል ስለ ሆነ መነካት የለበትም ይላሉ። እኔ ልቤ ከሁለተኞቹ ጋር ነው፤ የፋብሪካውን ሥራ ሌላ ትራባንትም ይመሰክርለታልና፣ የባለቤቱን ሥራ ግን ያ መኪና ብቻ ነው የሚመሰክርለት።

ይህን እንዳምን ያደረጉኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላው የዕቃ ቦታ ያለውን፣ ኡኒቨርሳል የሚባለውን ሰማያዊ 601 ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ያደረጉትን ጥገና ሁሉ፣ ቀኑንና የተጓዙትን ኪሎሜትር እየጠቀሱ የጻፉበትን ደብተር አሳዩኝ፤ ከየት አገር እንደ መጣሁም ጠይቀው ኢትዮጵያዊ መሆኔን በነገርኋቸው ጊዜ፣ «የእናንተን ቡና እኮ ጠጥተናል» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። በ1975 ዓ.ም. የብራዚልን የቡና ተክል ውርጭ መትቶት የዓለም ዋጋ ከናረ በኋላ፣ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1977 ዓ.ም. ግማሹ ያህል ብቻ ቡና የሆነ ድብልቅ ለሕዝቡ አቅርቦ ከፍ ያለ ቍጣ ገጠመው፤ በዚያው ዓመትም ከደርግ መንግሥት ጋር ቡናን በጦር መሣሪያና በሌላም ዕቃ የመለወጥ ስምምነት አደረገ። እኛ ዛሬም ኢፋ ብለን የምናስታውሰው የጭነት መኪና የዚያው አገር ሥራ ነው፤ ኢፋ የተሽከርካሪ ፋብሪካዎቹ የጋራ ስም ነበርና፣ ትራባንትም የዚያው ቤተ ሰብ ልጅ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ የቆመው፣ ዮ ያስትራም የቀረጸው የካርል ማርክስ የድንጋይ ሐውልትም ከዚያው መንግሥት የተሰጠ ስጦታ ነው።

ለሽማግሌው በትሕትና የመለስሁላቸው ቃል፣ ቡናውን የለቀመው የእኛ ገበሬ በዚያ ዘመን ጥይት እንጂ መኪና እንዳልደረሰው ነው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያም፣ «ይህን ለእኛ የነገረን አልነበረም፤ እርስዎ ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ» አሉ። በዚህ ጊዜ ነው ስለ አሮጌ ዕቃ ፍቅር አንድ ነገር የተገለጠልኝ። መኪናውን ያለ ታሪኩ የሚወድ ሰው፣ የመከራውን ዘመን የደስታ ዘመን አድርጎ ወደ ማየት ሊወድቅ ይችላል፤ ጥበቃውን ትዕግሥት፣ እጦቱን ቍጥብነት፣ የተዘጋውን ድንበር ሰላም ብሎ ይጠራዋል። እውነተኛው ሰብሳቢ ግን ሁለቱን ለይቶ ያያል። ሕዝቡን ያስጨነቀው ሥርዓት ምስጋና አይገባውም፤ በጭንቀቱ ውስጥ ሆኖ ያለውን ጠግኖ የኖረው ሰው ግን ምስጋና ይገባዋል፤ ለአንዱ የሚገባውን ክብር ለሌላው መስጠት በታሪክ ላይ የሚደረግ ግፍ ነው።

ለጉዞው ይዤው የሄድሁት ጥያቄ በዚህ መልስ አገኘ። ትራባንትን ያከበረው ሲሠራ የወጣለት ዋጋ አይደለም፤ ብርቅነቱም ብቻውን አይደለም፤ ብርቅ የሆነ ከንቱ ነገር በዓለም ሞልቷልና። ያከበረው በላዩ ላይ የፈሰሰው የሰው ትጋት ነው። በተጣለበት ዘመን ያልጣሉት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ፣ ዛሬ የሚሻሙት ሰብሳቢዎች የሚሰበስቡት ነገር ባልኖረ ነበር።

ዝቪካው ራሷ ከመኪና ሥራ አልተለየችም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ቮልስዋገን በከተማይቱ ዳርቻ፣ ሞዘል በተባለው ስፍራ መኪና ሲሠራ ቈይቶ፣ ዛሬ ፋብሪካው በኤሌክትሪክ ወደሚነዱ መኪናዎች ተለውጧል። እነዚህ አዳዲስ መኪናዎች አይጨሱም፣ ፍጥነታቸውም ከትራባንት ጋር አይነጻጸርም፤ ነገር ግን የሚበዛው ሥራቸው በኮምፒዩተር ቋንቋ የተቈለፈ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ቅዳሜ ቀን ኮፈን ከፍቶ የሚያበጀው ነገር እምብዛም የለም። ይህን የምለው አዲሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ንጹሕ አየር ለሁሉ ይሻላልና። ከአሮጌው ጋር አብሮ ሊጠፋ የሚችለውን ለማሳሰብ ነው።

እኛም በአገራችን ይህን ነገር በሚገባ እናውቀዋለን። ሠሪዎቻቸው ማምረት ካቆሙ ብዙ ዘመን የሆናቸው ፊያት 600ዎች፣ ቮልሶች፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ ላዳዎች፣ በአዲስ አበባ ጋራዦች ሊቃውንት እጅ ዕድሜያቸው ተራዝሞ ስንት ቤተ ሰብ አኑረዋል፤ የሌለውን መለዋወጫ ከሌላ ብረት ቀርጸው፣ የማይገናኘውን አገናኝተው፣ መጽሐፍ ያልጻፈውን ጥበብ በቃልና በእጅ ለደቀ መዛሙርታቸው ያወረሱ ሰዎች ናቸው። ጀርመኖች ትራባንትን ሲሰበስቡ የጥገናውን ደብተርም አብረው ሰብስበዋል፤ ስለዚህ ነው ቅርሳቸው የተሟላው። እኛ ግን አሮጌዎቹ መኪናዎች ቢቀሩልን እንኳ፣ ያኖሯቸው ሊቃውንት ሳይጠየቁና ሳይጻፍላቸው ካለፉ የሚቀረን ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ከመኪናው በፊት የመካኒኩ ቃል ይጻፍ፣ ሥራው በሥዕል ይቅረጽ፣ የሠራው መሣሪያም በክብር ይቀመጥ እላለሁ፤ ይህን የማድረግ ዕድሉ ሊቃውንቱ በሕይወት ባሉበት በዛሬው ጊዜ ብቻ ነውና።